እጃችን እስከ ወዴት ይደርሳል

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት ስግደት በሦስት ዐይነት ይፈጸማል። ግንባር ምድርን እስኪነካ ድረስ መውደቅ ሰጊድ ይባላል፤ በጉልበት መንበርከክ አስተብርኮ ነው፤ ራስን ዘንበል አድርጎ እጅ መንሣት ደግሞ አድንኖ ይባላል። የሦስቱን ትርጓሜ ከመምህራን የሰማ ምእመን ብዙ ነው፤ ሦስቱ ከሰውነታችን የሚጠይቁትን ግን ልብ ብሎ ያየ ጥቂት ነው። ሰጊድ ለሚሰግድ ሰው ቁርጭምጭሚቱ፥ ጉልበቱ፥ ዳሌው፥ የእጁ አንጓ፥ ክርኑና ትከሻው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊታዘዙለት ይገባል። ከነዚህ አንዱ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ሰውዬው ራሱም ሳይታወቀው ከሰጊድ ወደ አስተብርኮ፥ ከአስተብርኮም ወደ አድንኖ ይመለሳል። በየቤታችን ያሉ አባቶችና እናቶች ይህን ደረጃ ቀስ በቀስ ሲወርዱት እናያለን፤ ብንጠይቃቸውም «እርጅና ነው» ብለው ያልፉታል።

ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ስገድ ብላ አታስገድድም፤ የንስሐ አባትም እንደ ዐቅሙ ያዝለታል። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ነገር ስለ ስግደት ቍጥር አይደለም። የመገጣጠሚያ መድረቅ ምክንያት ያለው ነገር መሆኑን፥ ምክንያቱም በጥያቄ፥ በዐይንና በእጅ ሊመረመር የሚችል መሆኑን፥ ሳይመረመር የታሸና የተጎተተ መገጣጠሚያ ግን ከፊተኛው ይልቅ ሊከፋ መቻሉን፥ በዘመዶቻችንና በተማሪዎቻችን መካከል ያየነውን ምስክር አድርገን ልንጽፍ ነው።

የምንኖረው በጅማ ነው። (ተማሪዎቻችን «ጅማት የሚለው ቃል ከጅማ የመጣ ነውን?» እያሉ ይቀልዱብናል፤ ሁለቱ በድምፅ ይመሳሰላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም።) በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በጌራም ሆነ በዙሪያቸው ባሉት የቡና ከተሞች ኑሮው በቡና ላይ የቆመ ስለ ሆነ መገጣጠሚያን የሚያደክም ሥራ አይታጣም። ቡናው በቀላ ጊዜ ለቃሚው ቅርንጫፉን በአንድ እጁ ስቦ ይይዝና በሌላው ፍሬውን ይለቅማል፤ ክንዱም ቀኑን ሙሉ ከትከሻው በላይ ይውላል። መሬት የወደቀውን ለመልቀም ቁጢጥ ማለት አለበት፤ በማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ለማገላበጥ ማጎንበስ አለበት፤ ጆንያውም ሸክም ነው። በቤት ደግሞ ቡና ተቆልቶ፥ ተወቅጦ፥ ተፈልቶ እስኪቀዳ ድረስ የእናቶቻችን የእጅ አንጓና ክርን ዕረፍት የለውም።

ከዚህም ጋራ ይህ አገር የበርጩማ አገር ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው፤ ዝቅተኛ ስለ ሆነም ተቀማጩ ጉልበቱንና ዳሌውን ከቀጥታ ማዕዘን አሳልፎ እንዲያጥፍ ግድ ይለዋል። እኛ በየዘመዱ ቤት ስንገባ የምናስተውለው አንድ ምልክት አለ፤ ዕድሜ ልካቸውን በበርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡና ያፈሉ እናት አንድ ቀን «ወንበር አምጡልኝ» ያሉ እንደ ሆነ፥ ጉልበታቸው ወይም ዳሌያቸው መናገር ጀምሯል ማለት ነው። ልጆቹ ግን ወንበሩን አምጥተው ዝም ይላሉ።

እንግዲህ ስለ አክስታችን እንናገር። አክስታችን በአጋሮ አጠገብ የቡና መሬት አላቸው፤ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዐምስት ያለፈ ነው። በ2015 ዓ.ም. የለቀማ ወራት ቀኝ ክንዳቸው ወደ ቅርንጫፉ አልደርስ አላቸው። ከዚያ አስቀድሞ ግን መቀነታቸውን ከኋላ የምታስርላቸው የልጅ ልጃቸው ነበረች፤ ለቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ነጠላቸውን መስቀለኛ አድርጋ የምታጣፋላቸውም እርስዋ ነበረች። ሌሊት በቀኝ ጎናቸው መተኛት አልቻሉም። «ብርድ መታኝ» አሉ፤ በሙቅ ጨርቅ ተተኮሰ፥ በቅቤ ታሸ። ከዚህ በኋላ አሽቶ ያድናል የተባለ አንድ ሰው መጥቶ ክንዳቸውን በኀይል ወደ ላይ ጎተተው፤ በሳምንቱም ተመልሶ ደገመው። ጩኸታቸውን ጎረቤት ሁሉ ሰማ። ከዚያ ወዲያ ክንዳቸው ከፊተኛው ይልቅ አነሰ፤ እንቅልፍም ፈጽሞ አጡ። በአንድ የሕክምና ቦታም «ዕድሜ ነው» ተብለው የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቷቸው ተመለሱ።

በመጨረሻ ወደ ጅማ መጥተው በእኛ ቤት ሰነበቱ፤ እኛም ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይዘናቸው ሄድን። ፊዚዮቴራፒ ማለት በእንቅስቃሴ፥ በእጅ ሥራና በልምምድ የሚሰጥ ሕክምና ነው። በአገራችን ይህን ሙያ በዲግሪ ማስተማር አስቀድሞ የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። በጅማ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. ለወታደሮች ተብሎ የተቋቋመው ሆስፒታል ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሆኖ የምዕራቡንና የደቡብ ምዕራቡን ሕዝብ ይረዳል፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲም የእርሻው ኮሌጅና የጤናው ኢንስቲትዩት በ1992 ዓ.ም. አንድ ሆነው የተመሠረተ ነው። ይህን የምንጠቅሰው እንዲህ ያለው ዕውቀት ከሩቅ አገር ብቻ የሚመጣ እንዳይመስለን ነው።

ባለሙያዪቱ ወጣት ሴት ነች። ክንዳቸውን ወዲያው ትይዛለች ብለን ስንጠብቅ ወንበር ስባ ትጠይቃቸው ጀመር። መቼ ጀመረዎ? ወድቀው ያውቃሉ? ሌሊት ያስነሣዎታልን? ሊሠሩት ፈልገው ያቃተዎት ምንድር ነው? በዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ የምናስበው መጻጉዕ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛ ሰው ሲሆን፥ ጌታችን ሁሉን እያወቀ መዳን ይወድ እንደ ሆነ አስቀድሞ ጠየቀው፤ እኛም በዚያ ክፍል ተቀምጠን ይህን ዐሰብን። አክስታችን ግን «ልጄ፥ ክንዴን ታያለሽ እንጂ ወሬ ምን ያደርግልሻል?» አሏት። እርስዋም ስቃ «እናቴ፥ ክንድዎን ለማየት ነው የምጠይቅዎ» አለቻቸው።

ቀጥላ ሹራባቸውን እንዲያወልቁ ለመነቻቸው፤ ሲያወልቁም ዝም ብላ ታያቸው ነበር። አክስታችን ደኅነኛውን ግራ እጃቸውን አስቀድመው አውጥተው ሹራቡን በቀኙ ላይ በቀስታ አንሸራተቱት። ትከሻው የሚያመው ሰው ሲያወልቅ ከደኅናው፥ ሲለብስ ከታመመው ይጀምራል። ይህ ማንም ሳያስተምረው ሰውነት የሚያገኘው ብልሃት ነው፤ ልብ ላለው ቤተ ሰብም ብዙ ይናገራል።

ከዚህ በኋላ «ሁለቱንም እጆችዎን እስከሚችሉት ድረስ ወደ ላይ ያንሡ» አለች። ግራው ጆሮአቸው አጠገብ ደረሰ፤ ቀኙ ከትከሻቸው ልክ ሳያልፍ ቆመ፤ እንዲያልፍ በታገሉም ጊዜ ክንዱ ሳይሆን ትከሻው ራሱ ወደ ጆሮ ተሰቀለ። ይህ በሽተኛው በገዛ ኀይሉ የሚያደርገው እንቅስቃሴ ነው። ከዚያም በጀርባቸው አስተኝታ፥ የትከሻቸውን ሳህን በአንድ እጅዋ ደግፋ፥ «አሁን እርስዎ ምንም አይሥሩ፥ ለእኔ ይተዉልኝ» ብላ ክንዳቸውን በሌላ እጅዋ ቀስ አድርጋ አነሣችው። እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ቀጥላም ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግታ እጃቸውን ወደ ውጭ አዞረችው፤ ግራው 80 ዲግሪ ሲዞር ቀኙ በ15 ቆመ።

የምርመራው ዋና ነገር በዚህ ላይ ስለ ሆነ ባለሙያዪቱ ያስረዳችንን ዘርዘር አድርገን እንጽፈዋለን። ሰው በራሱ ኀይል ማንሣት ያልቻለውን ክንድ የሌላ ሰው እጅ እስከ መጨረሻው ካነሣው፥ መገጣጠሚያው ራሱ ደኅና ነው፤ ጕድለቱ በሚያነሣው ጡንቻ፥ ወይም ጡንቻውን ከዐጥንት በሚያያይዘው ጅማት፥ ወይም ትእዛዙን በሚያመጣው ነርቭ ላይ ነው። የሌላ ሰውም እጅ እዚያው ቦታ ላይ ከታገደ፥ ዕንቅፋቱ በራሱ በመገጣጠሚያው ወይም በከበበው ሥጋ ውስጥ ነው። እንግዲህ «እጄ አይነሣም» የሚሉ ሁለት ሰዎች በቤት ሰው ዐይን አንድ ሲመስሉ በምርመራ ግን የተለያዩ ሁለት በሽተኞች ናቸው። በአክስታችን ክንድ ላይ ሁለቱ ልኬቶች አንድ ሆነው ተገኙ። እጃቸውን በቦታው አስይዛ ግፊያውን እንዲቋቋሙ ባደረገቻቸውም ጊዜ ኀይላቸው ጠንካራ ነበር፤ ጡንቻውም ጅማቱም አልተቈረጠም ማለት ነው። የአንገት ሕመም በትከሻ ላይ ሊሰማ ስለሚችልም አንገታቸውን ሳታይ አላለፈችም።

ሌላም ነገር አለ፤ ይኸውም እንቅስቃሴው በሚያበቃበት ቦታ የመርማሪው እጅ የሚሰማው ስሜት ነው። በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ሲሪያክስ ይህን ስሜት በየዐይነቱ ለይቶ አስተምሯል። ደኅነኛ ክርን ሲዘረጋ በመጨረሻው ዐጥንት ከዐጥንት ተገናኝቶ ቀጥ ይላል፤ ጉልበት ሲታጠፍ ባት ከጭን ተገናኝቶ ለስላሳ ሆኖ ይቆማል፤ የመገጣጠሚያው ከረጢት የተኮማተረ እንደ ሆነ ግን እንደ ወፍራም ቆዳ ጥቂት እየሰጠ ይይዛል። ምንም የሚያግድ ነገር ሳይሰማ በሽተኛው ከሕመም የተነሣ «በቃ» ብሎ የሚያስቆመውም አለ፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋ ስለ ሆነ በቶሎ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በአክስታችን ትከሻ ላይ የተሰማው እንደ ቆዳ ያለው ነበር። ወደ ውጭ መዞሩ ከሁሉ ይልቅ ጠቦ፥ ወደ ጎን መነሣቱ ሁለተኛ፥ ወደ ውስጥ መዞሩ ሦስተኛ ሆኖ መገኘቱም የትከሻው ከረጢት መኮማተሩን የሚያመለክት ሥርዐት ነው። ይህን ሕመም ሐኪሞች የቀዘቀዘ ትከሻ ይሉታል፤ ብዙ ጊዜ ከአርባ እስከ ስድሳ ዓመት ባለው ዕድሜ ይመጣል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመትም ይቈያል።

ምርመራው ያለቀ መስሎን ስንነሣ «እናቴ፥ ሁለቱን መዳፎችዎን እስኪ ያጋጥሙልኝ» አለቻቸው። ፈረንጆች ሲጸልዩ እንደሚያደርጉት ማለትዋ ነው፤ ምልክቱንም የጸሎት ምልክት ይሉታል። (እኛ ኢትዮጵያውያን እጃችንን ዘርግተን ስለምንጸልይ ስሙ ለእኛ ብዙም አይስማማም።) የአክስታችን መዳፎች ተጋጠሙ፤ ጣቶቻቸው ግን በመካከላቸው ቀዳዳ ተዉ፤ አንጓዎቻቸው ቀጥ ማለት አልቻሉምና። ያን ጊዜ ውሃ አብዝተው ይጠጡ እንደ ሆነ፥ ሌሊትም ለሽንት ይነሡ እንደ ሆነ ጠየቀቻቸው። የቀዘቀዘ ትከሻና የጣት መድረቅ የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ደማቸው በዚያው ቀን ተመረመረ፤ ስኳሩም ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ትከሻዬን ብለው የመጡት አክስታችን ዐይንን፥ ኵላሊትንና እግርን በስውር የሚጎዳ በሽታ እንዳለባቸው በትከሻቸው ምክንያት ዐወቁ። ክንዳቸውን የጎተተው ሰው ለሦስተኛ ጊዜ ተጠርቶ ቢሆን ኖሮ ይህ መቼ በታወቀ ነበር?

ባለሙያዪቱ ልኬቱን ያገኘችበት መሣሪያ ጎኒዮሜትር ይባላል። ባየነው ጊዜ ደስ አለን፤ እኛ ለስድስተኛ ክፍል ልጆች ማዕዘን የምናስተምርበት ፕሮትራክተር ሁለት ክንድ ተተክሎለት ነውና። የመሣሪያው መካከል በመገጣጠሚያው ላይ ይደረጋል፤ አንዱ ክንድ ባልተንቀሳቀሰው፥ ሁለተኛው በተንቀሳቀሰው አካል ላይ ይጋደማል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የቈሰሉ ወታደሮችን ጉዳት ለመመዘን እንዲህ ያለው መሣሪያ እጅግ ተፈልጎ ነበር። የአሜሪካ የዐጥንት ሐኪሞች አካዳሚም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1965 ዓ.ም. ስለ አለካኩ መጽሐፍ አሳትሟል፤ በዚህም ዘዴ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም መገጣጠሚያው ሁሉ ዜሮ ላይ እንዳለ ይቈጠራል። ክርን ወደ 150፥ ጉልበት ወደ 135፥ ዳሌ ወደ 120 ዲግሪ ይታጠፋል፤ ክንድ 180 ድረስ ይነሣል። ዳሩ ግን ሰው ሁሉ አንድ ልክ ስለሌለው ከመጽሐፉ ቍጥር ይልቅ የበሽተኛው የራሱ ደኅነኛ እጅ የተሻለ ሚዛን ነው። ባለሙያም ቢሆን ሲለካ እስከ 5 ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ አንድ ሰው፥ በአንድ አቀማመጥ፥ በአንድ መሣሪያ እንዲለካና እንዲጽፈው ይመከራል።

በዚህ ላይ አንድ የራሳችንን አሳብ እንጨምራለን። ሰው በሜዳ ሲራመድ ጉልበቱ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ቢታጠፍ ይበቃዋል፤ ከወንበር ለመነሣት ከ90 ጥቂት ያለፈ ይበቃል። ስለዚህ ጉልበቱ 110 ላይ የሚቆም ሰው በጅማ አደባባይ ደኅና መስሎ ይሄዳል፤ በወንበር የሚኖር አገር ሐኪምም ድኗል ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ይህ ሰው ግን ቁጢጥ ብሎ ቡና መልቀም አይችልም፤ በገጠር መጸዳጃ መጠቀም አይችልም፤ ግንባሩን መሬት አስነክቶ መስገድ አይችልም። ለነዚህ ሁሉ 130 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በአገራችን መገጣጠሚያ የሚመረምር ሰው «ደረጃ ትወጣለህን?» ብሎ ከመጠየቁ ጋራ «ትሰግዳለህን? በበርጩማ ትቀመጣለህን?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው እንላለን። ያልተጠየቀ በሽተኛም ራሱ ይናገር፤ ይህን ለሐኪም መናገር ነውር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሌላም ያየነው አለ፤ በበዓለ ኀምሳ ስግደት ስለሌለ አረጋውያን ከዚያ በኋላ በጾመ ሐዋርያት ሲጀምሩ ጉልበታቸው ጠንክሮ ያገኙታል። አንዳንዱ በሳምንቱ ይለቀዋል፤ የማይለቀው ሊመረመር የሚገባው ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ፤ ስሙን አንጠራም። በ2016 ዓ.ም. ስድስተኛ ክፍል የነበረ ተማሪያችን ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ቀኝ ክርኑን ተሰበረ። ወጌሻ ተጠርቶ በቀርከሃ ጠበቅ አድርጎ አሠረው። በሌሊቱ የልጁ ጣቶች አብጠው ቀዘቀዙ፤ እናቱም የልጅዋን ልቅሶ መታገሥ አቅቷት እስሩን በቢላዋ ቈረጠችው። ይህች እናት የልጅዋን እጅ ያተረፈች ይመስለናል። ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም ከልክሎ ሥጋን ሲገድል፥ ከዚያም እጅ ወይም እግር እስከ መቈረጥ ሲያደርስ በአገራችን ሆስፒታሎች በየጊዜው የሚታይ መከራ ነው። ጣት ከቀዘቀዘ፥ ከደነዘዘ፥ ከጠቈረ ወይም ከነጣ፥ ጣቱንም ቀና ሲያደርጉት ሕመሙ ከባሰ፥ እስሩ ወዲያው ተፈትቶ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያስፈልጋል፤ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

ልጁ ግን ከዚህ ቢተርፍም ሌላ ነገር ጠበቀው። ስብራቱ ከተያያዘ በኋላ ክርኑ ደርቆ ስለ ነበር ለብዙ ሳምንት በየቀኑ ታሸ፥ እንዲዘረጋም በኀይል ተጎተተ። እኛ ያየነው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። ሲያማትብ እጁ ወደ ግንባሩ አይሄድም፤ ግንባሩ ወደ እጁ ይወርዳል። በአንድ መሶብ ሲቀርቡም ፊቱን ወደ መሶቡ አጎንብሶ ይጎርስ ነበር፤ ልጆች ሲሥቁበት ደግሞ በግራው መብላት ጀመረ፤ በግራህ አትብላ ተብሎ ሲገሠጽም ከማዕድ ቀረ። ክርን ለዕለት ሥራ ሁሉ ከ30 እስከ 130 ዲግሪ መንቀሳቀስ ያስፈልገዋል፤ የዚህ ልጅ ከ55 እስከ 90 ብቻ ነበር። በጽሕፈቱ ምንም እንከን አልነበረውም፤ በክፍል ውስጥ ያየው ሰው ምንም አያውቅበትም።

ያችው ባለሙያ ክርኑን ይዛ ቀስ ብላ አጠፈችው፤ በመጨረሻው የተሰማት ግን እንደ አክስታችን ትከሻ ጥቂት የሚሰጥ ቆዳ አልነበረም። ድንጋይ ከድንጋይ እንደሚጋጭ ቀጥ አለ። ወዲያው እጅዋን አንሥታ «ይህ አይጎተትም» አለች። በራጅ ሲታይም በክርኑ ፊት ባለው ጡንቻ ውስጥ ዐጥንት በቅሏል። የተጎዳ ክርን በኀይል የታሸና የተጎተተ እንደ ሆነ ሥጋው ውስጥ እንዲህ ያለ ዐጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ ባሹት ቍጥርም ሊብስ ይችላል።

የሁለቱ ዘመዶቻችን ነገር እንዲህ ነው። ሁለቱም «ደርቆብኛል» ይላሉ፤ በአንዱ ቤት ሁለቱም በቅቤ ታሽተዋል። የአክስታችን ትከሻ በቀስታና በትዕግሥት ቢዘረጋ የሚሰጥ ነው፤ የልጁ ክርን ቢጎተት የሚብስበት ነው። ይህን የለየው የሠለጠነች እጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የተሰማት ስሜት ነው፤ ራጁም አረጋገጠው። ወጌሻ ሁሉ አላዋቂ ነው ማለታችን አይደለም፤ ወለምታና ውልቃት በመመለስ የታወቁ አረጋውያን አሉ፤ በስፖርትም ዓለም የቡድኑን የአካል ሕክምና ባለሙያ እስከ ዛሬ ወጌሻ እንለዋለን። ነገር ግን ሳይጠይቅ፥ ሳያይ፥ ከደኅናው እጅ ጋራ ሳያስተያይ የሚጎትት ሁሉ፥ ማንም ይሁን ማን፥ አይጠጋን። መገጣጠሚያው ያበጠ፥ የጋለና የቀላ ከሆነ፥ ትኵሳትም ከታከለበት፥ ይልቁንም በሕፃን ላይ፥ ለማሸት ጊዜ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።

አንዳንድ ወገኖቻችን ወደ ሐኪም መሄድን ከእምነት ጕድለት ይቈጥሩታል። ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ፥ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን እንድናከብር እንደሚያዝ ለዚህ መጽሔት አንባብያን መንገር አያስፈልግም። አክስታችን ጠበላቸውንም አልተዉም፤ ልምምዳቸውንም አልተዉም።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ቀላል ነው። በእሑድ ቡና ላይ ታላላቆቻችን ሁለት እጃቸውን ከራሳቸው በላይ፥ ቀጥሎ ከማጅራታቸው፥ ቀጥሎም ከወገባቸው ኋላ እንዲያደርሱ እንጠይቃቸው፤ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን እንይ። ከበርጩማ ሲነሡ እጃቸውን የሚደግፉበት ነገር ይፈልጉ እንደ ሆነ እንመልከት። ጀሶ የታሰረ ሰው ካለን ከጀሶው ውጭ ያሉትን ጣቶች በየሰዓቱ እንዲያንቀሳቅስ እናስታውሰው። ማናቸውንም ግን ራሳችን አንጎትት። ያየነውን በወረቀት ጽፈን ወደ ባለሙያ ብንወስድ ለመርማሪው ትልቅ ርዳታ ነው፤ «ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ መቀነቷን አታስርም» የሚል አንድ መስመር ከብዙ ወሬ ይበልጣል።

አክስታችን ከስኳሩ መድኃኒት ጋራ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ልምምዳቸውን እየሠሩ፥ በጣታቸው ግድግዳውን እየረገጡ ሲወጡ የደረሱበትን በከሰል ምልክት ያደርጉ ነበር። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ያ ምልክት እስከ ዛሬ አለ። ከዐሥር ወር በኋላ ክንዳቸው 140 ደረሰ፤ ወደ ውጭ መዞሩም 50 ሆነ። መቀነታቸውን ራሳቸው ያስራሉ፤ ነጠላቸውንም ራሳቸው ያጣፋሉ። ከፍ ያለውን ቅርንጫፍ ግን ዛሬም ለልጅ ልጃቸው ይተዉላታል።

የልጁ ነገር ግን አላለቀም። የበቀለው ዐጥንት እስኪጠና መጠበቅ ነበረበትና ከአንድ ዓመት በላይ ቈይቶ በ2017 ዓ.ም. ክረምት በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ ከማግስቱም ጀምሮ በራሱ ኀይል ብቻ እንዲያንቀሳቅሰው ታዘዘ። እናቱ ሥራውን ሁሉ ትታ ትቈጥርለት ነበር። ዛሬ ክርኑ ከ30 እስከ 120 ይሄዳል። ለመጕረስ ዐሥር ዲግሪ ስለ ጐደለው የእጁን አንጓ አጥፎ ያሟላል። ወደ ማዕድም ተመልሷል። ስለ ቀረው ጠይቀነው ነበር፤ «መምህር፥ ግንባሬን ልነካ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለን። የሚቀጥለው ልኬት ከጥምቀት በኋላ ነው።